የቆመ አሮጌ ሎኮሞቲቭ፦ ዘይት ከማንጠባጠባችሁ በፊት

አሮጌ የሞዴል ባቡር ሎኮሞቲቭ ሐዲድ ላይ አስቀመጣችሁ እንበል። መብራቱ በራ። ሞተሩ ግን "እምምም" ብሎ ቀረ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ሞተሩ ተቃጥሏል" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። እኔ እጅ ከገቡት አሮጌ ሎኮሞቲቮች ግን አብዛኞቹ አልተቃጠሉም፤ ተጣብቀው ነው። ድሮ የተቀቡት ዘይት ከ50 እና ከ60 ዓመት በኋላ ደርቆ፣ ከአቧራ ጋር ተጋግሮ፣ ሙጫ ሆኗል።

ተስፋ የማይቆርጠው ሰው ደግሞ የዘይት ጠርሙስ ያነሳል። ይሄኛው ይብሳል። አዲሱ ዘይት አሮጌውን ሙጫ በከፊል ያሟሟዋል። ሎኮሞቲቩ ትንሽ ይሄዳል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። የሟሟው ቆሻሻ ግን የትም አልሄደም። የሞተሩን ዘንግ ተከትሎ ካርቦኖቹ ጋ (ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት ትንንሽ ቁራጮች ጋ) ይደርሳል፣ ከካርቦኑ ብናኝ ጋር ይለወስና ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ጭቃው ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። እውነተኛው መቃጠል የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ እኔ አሮጌው ዘይት ተጠራርጎ ሳይወጣ አዲስ ጠብታ አላስገባም። ከጠቅላላው ሥራ አብዛኛው ማጽዳት ነው። መቀባቱ ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ እንኳ አይፈጅም።

የምተርክላችሁ በዋናነት አንድ በፈረንጆቹ የ1950ዎቹ የማርክሊን (የጀርመን ሞዴል ባቡር ፋብሪካ ነው) የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሞዴል ላይ የሠራሁትን ነው። መጠኑ ኤችኦ የሚባለው ነው፤ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ፣ ሐዲዱም 16.5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው። የሚሠራው በኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫው በሚቀያየር ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩን ከሐዲዱ መሐል የሚወስደው ሆዱ ሥር ባለ ተንሸራታች ብረት ነው። እንደ ሊዮኔል ወይም ሆርንቢ ዱብሎ ያለ ሌላ ስሪት ያላችሁም ማንበባችሁን ቀጥሉ። አብዛኛው ነገር ያው ነው፤ የሚለይበት ቦታ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ካቻቪቴ ከማንሳቴ በፊት ሎኮሞቲቩን ደማቅ ብርሃን ሥር አገላብጬ አያለሁ። የምፈልገው ስንጥቅ ነው። በተለይ ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከተሠሩት ሞዴሎች ብዙዎቹ አካላቸው ከዚንክ ቅይጥ የተቀረጸ ነው። ቅይጡ ሲቀልጥ ትንሽ የእርሳስ ብረት ከተቀላቀለበት፣ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ መበላት ይጀምራል። ያብጣል፣ ይጎብጣል፣ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል፣ ጭራሽ በእጅ ይፈረፈራል። ሰብሳቢዎች ዚንክ ፔስት ይሉታል። መድኃኒት የለውም። ይህን ምልክት ያየሁበትን ሎኮሞቲቭ አልፈታውም። ብሎኑን ስታዞሩት ብረቱ አብሮ ይመጣል። እንዲህ ዓይነቱ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል። የዚያ ዘመን ቀለምም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በሥራ መሐል ምግብ አልነካም፤ ስጨርስ እጄን በደንብ እታጠባለሁ።

ሌላው ትራንስፎርመሩ ነው። ከሎኮሞቲቩ ጋር አብሮ የመጣውን አሮጌ ትራንስፎርመር፣ ምን ቢያምር፣ ሶኬት ላይ አትሰኩት። የገመዱ ልባስ ደርቆ ይፈረፈራል፤ ሲያጎብጡት ባዶ ሽቦ ይታያል። ለ220 ቮልት የተሠራው ዛሬ እንደ አውሮፓ ባለ ቦታ 230 ቮልት ሲያገኝ ደግሞ የሚሰጠው ኃይል ከተጻፈበት ከፍ ይላል። በድሮዎቹ ማርክሊኖች አቅጣጫ የሚቀየረው 24 ቮልት ገደማ የሆነ ቅጽበታዊ ግፊት በመላክ ነው። በዚያ ላይ ሲጨመርበት ያረጀ ሽቦ ላይችለው ይችላል። በጎ ሁኔታ ላይ ያለ ዘመናዊ ትራንስፎርመር ተጠቀሙ።

ዕቃው ብዙ አይደለም። የብሎኑን ራስ ልክ የሚገጥም ካቻቪቴ፣ ወረንጦ፣ ስቴኪኒ፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ የላይተር ቤንዚን። ከሁሉም ግን ጠርዝ ያለው ነጭ ትሪ አይቅርባችሁ። ሥራውን ሁሉ እዚያው ውስጥ ሥሩ። የምትበር ሞላ መኖሯ አይቀርም፤ ነጭ ላይ ካረፈች ትገኛለች።

ከጠረጴዛዬ ያባረርኳቸውም አሉ። አሴቶን ፕላስቲክ ያቀልጣል፣ ቀለም ይልጣል። ዝገት ለማላቀቅ የሚረጩት ፈሳሾች ለጊዜው ያላቅቃሉ፤ ሲተኑ ግን ራሳቸው የሚያጣብቅ ነገር ትተው ይሄዳሉ። የብረት ሱፍማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ብጥስጣሹ ማግኔት ላይ ተለጥፎ ሞተር ውስጥ ይገባል። አልኮሉም ቢሆን አሮጌ ቀለምና የቁጥር ጽሑፍ ሊያነሳ ስለሚችል፣ መጀመሪያ ከሆዱ ሥር በማይታይ ቦታ ሞክሩት። እኔ ቦዲውን የማጸዳው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ቢበዛ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ነው። ማብረቅረቅ አልወድም። የዘመኑ ወዝ አንዴ ከተፈቀፈቀ አይመለስም፤ ሰብሳቢዎችም ያንን ወዝ ነው የሚፈልጉት።

አሁን እንክፈት። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ማርክሊኖች ቦዲውን የሚይዘው ከላይ ያለ አንድ ብሎን ነው። ሲፈታ ክዳኑ ወደ ላይ ይነሳል። ጎትታችሁ እምቢ ካለ አትታገሉ፤ የሆነ ቦታ ሌላ ብሎን ወይም መንጠቆ አለ ማለት ነው። ከዚህ ጀምሮ በየደረጃው በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ከሁለት አቅጣጫ። የትኛው ሽቦ የት እንደነበረ፣ የትኛው ብሎን አጭር እንደነበረ ፎቶው ያስታውሳችኋል። እኔ ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ እሰካቸዋለሁ።

የማትነቅሉት ነገር ቢኖር ጎማዎቹን ነው። በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ የግራውና የቀኙ ጎማ የመንጃ ዘንግ የሚታሰርበት ነጥብ አንዱ ከሌላው በ90 ዲግሪ ይለያል። ፋብሪካ ውስጥ በመሣሪያ ተለክቶ የተጫነ ነው። አንዱን ጎማ ነቅላችሁ በግምት ከመለሳችሁት ዘንጎቹ በየዙሩ ይያያዛሉ፤ ሎኮሞቲቩም ሲያነክስ ይኖራል። ለማጽዳት ደግሞ ጎማ መንቀል አያስፈልግም።

ወደ ሞተሩ። የዚህ ሞዴል ሞተር በጎን በኩል ይታያል። ሁለት ካርቦኖች በሁለት ቀጫጭን ሞላዎች ተገፍተው ጠፍጣፋ የመዳብ ክብ ላይ ያርፋሉ። ክቡ ኮሙቴተር ይባላል። በሦስት ቁራጭ የተከፈለ ነው፤ በመሐላቸው ቀጫጭን ክፍተቶች አሉ። በእነዚህ ጠፍጣፋ ሞተሮች ሁለቱ "ካርቦኖች" አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ እውነተኛ ካርቦን ነው፤ ሌላው ከቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ ነው። የትኛው የት እንደነበረ ሳታዩ አታውጡ። የማውጣቱ ብልሃት ሞላዋን በስቴኪኒ ወደ ጎን ገፍቶ ካርቦኑን በወረንጦ መሳብ ነው። ያ ካርቦን ለዓመታት ሲፋቅ የራሱን ቅርጽ ይዟል፤ ስትመልሱት በነበረበት አቅጣጫ መልሱት።

ከዚያ ካርቦኖቹን የያዘውን ሽፋን ሁለት ብሎኖች ፈትቼ አነሳሁ፤ የሚሽከረከረው ክፍል በእጄ መጣ። ቢያንስ መምጣት ነበረበት። የእኔው ዘንጉ ኋላ ካለው ቀዳዳ ጋር ተጋግሮ አልወጣም። እንዲህ ሲሆን ጉልበት መልስ አይደለም። የላይተር ቤንዚን በስቴኪኒ ጫፍ ቀዳዳው አፍ ላይ አኑሬ፣ ትንሽ ቆይቼ ደግሜ አኖርኩ። ሙጫው ለስልሶ ዘንጉ በጣት መዞር ሲጀምር ብቻ ሳብኩት። ዘንጉ ላይ ቡናማ ቀለበት ነበር፤ ቫርኒሽ የተቀባ ነው የሚመስለው። ሎኮሞቲቩን ያቆመው ያ ቀለበት ነው።

እዚህ ጋ በዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚሄድ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሎኮሞቲቭ ላላቸው ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሆርንቢ ዱብሎን የመሳሰሉ አሮጌ የ12 ቮልት ዲሲ ሞተሮች ቋሚ ማግኔት አላቸው። የሚሽከረከረውን ክፍል ከማግኔቱ መሐል ስታወጡት፣ የድሮው ማግኔት ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ማግኔቱ የደከመ ሎኮሞቲቭ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ቶሎ ይግላል፣ ጉልበት ግን የለውም። ስለዚህ በእነዚህ ሞተሮች ላይ ግድ ካልሆነ በቀር ያንን ክፍል አላወጣም፤ ባለበት ኮሙቴተሩን በጥጥ አጸዳለሁ። የግድ ከሆነ ደግሞ ሲወጣ ወዲያው በቦታው የለስላሳ ብረት ቁራጭ አስገባለሁ። የማርክሊኑ የኤሲ ሞተር ግን በቋሚ ማግኔት ፈንታ የሽቦ ጥቅል ስላለው ይህ ስጋት የለበትም።

ኮሙቴተሩ ላይ ጊዜ ስጡ። ጥጥ በአልኮል ታረጥባላችሁ፣ ታሻላችሁ፣ ትጥላላችሁ፣ ሌላ ትወስዳላችሁ። ጥጡ ጥቁር መሆኑን እስኪያቆም። ከዚያ ክፍተቶቹ። በሦስቱ የመዳብ ቁራጮች መሐል የታጨቀውን ጥቁር ነገር በስቴኪኒ ጫፍ ጠርጉት። መርፌ ወይም ምላጭ አልጠቀምም፤ መዳብ ለስላሳ ነው፣ ይጫራል፣ የተጫረው ጠርዝ ደግሞ ካርቦኑን እየፋቀ ይጨርሰዋል። የብርጭቆ ወረቀትም እንደዚያው። ካርቦኑ የቆፈረው ቀጭን የክብ መስመር ካያችሁ ተዉት። ሁሉም አሮጌ ሞተር አለው፣ አይጎዳም።

ቴስተር ካላችሁ አሁን ጊዜው ነው። ኦም ላይ አድርጋችሁ ሁለት ሁለት የመዳብ ቁራጭ እየያዛችሁ ለኩ። ሦስቱም ልኬት የሚቀራረብ ቁጥር ሊሰጣችሁ ይገባል። አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ በጣም ከራቀ ወይ ሽቦ ተበጥሷል ወይ ከስታኞው ለቋል። ከዚያ ከመዳቡ ወደ ዘንጉ ለኩ፤ እዚያ ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም። ይህን ፈተና ያለፈ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው በአብዛኛው የንጽሕና ጉዳይ ነው።

ካርቦኑ ራሱ ዘይት ከጠጣ ግን እኔ አልለፋበትም። በቤንዚን ነክራችሁ ብታደርቁትም ሲግል ዘይቱን መልሶ ይተፋዋል። አዲስ መግዛት ነው። ሞላው ወርዶ ሽፋኑን ሊነካ እስኪደርስ ያጠረ ካርቦንም እንደዚሁ። አሮጌዎቹን ፋብሪካው የገጠማቸው ናቸው ብሎ የሚሳሳላቸው አለ። በትንሽ ከረጢት አድርጎ ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጣቸው።

ማርሾቹ ቀጥሎ ናቸው። በዚህ ሞዴል በጎን በኩል በተተከሉ አጫጭር ዘንጎች ላይ ይሽከረከራሉ፤ በየጥርሳቸው መሐል የደረቀ ግራሶ ተሰግስጓል። የጥርስ ብሩሹን በላይተር ቤንዚን አርጥቤ እቦርሻለሁ፣ ጎማውን በጣት ትንሽ አዞራለሁ፣ ደግሞ እቦርሻለሁ። የእናንተው ሎኮሞቲቭ ብሎን የሚመስል ጠምዛዛ ማርሽ ያለው ዓይነት ከሆነ ጎማውን ለማዞር አትሞክሩ። በዚያ አሠራር ሞተሩ ጎማውን ያዞራል እንጂ ጎማው ሞተሩን አያዞርም። በጉልበት ካዞራችሁት ጥርስ ይሰበራል። የሞተሩን ዘንግ ራሱን አዙሩ።

ቤንዚኑን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። መስኮት ተከፍቶ፣ እሳት በሌለበት፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ይህን ነው፤ ካርቦን ኮሙቴተር ላይ ሲሄድ የእሳት ብልጭታ ይፈጥራል። ትነቱ ሳይወጣ ኤሌክትሪክ ከሰጣችሁት ብልጭታው ቤንዚኑን ያገኘዋል። እኔ ካጸዳሁ በኋላ ፈታትቼ አሳድረዋለሁ።

የጎማ ማጽዳት ቀላል ነው። ሐዲድ የሚነካው ክብ ላይ ያለውን ጥቁር ቅርፊት በአልኮልና በጥጥ ማንሳት ነው፤ ቢጠነክር ስቴኪኒ። አንዳንዱ ጎማ ላይ እንዳይንሸራተት የተጠለቀ የላስቲክ ቀለበት አለ። ከደረቀ አውጥታችሁ ማረፊያውን ቦይ አጽዱና በልኩ አዲስ አጥልቁ። ሆዱ ሥር ያለውን ተንሸራታች ብረትም አትርሱት። አልኮል ካደረጋችሁበት በኋላ ቀጥ ብሎ መተኛቱን፣ በጣት ሲጫን ተመልሶ መምጣቱን እዩ። ከተጣመመ የጎኑን ሐዲድ ነክቶ ሾርት ያደርጋል።

የአቅጣጫ መቀየሪያውን ሪሌ (በኤሌክትሪክ ግፊት የሚገለበጠውን ማብሪያ) ለጊዜው ተዉት። ሎኮሞቲቩ በፍጥነት ሲሄድ በራሱ አቅጣጫ ከቀየረ ሞላው ላልቷል፤ ጭራሽ ካልቀየረ ጠብቋል። ይህን ግን ቆሻሻ ሞተር ላይ ሆናችሁ መፍረድ አትችሉም። አሁን መገናኛዎቹን በአልኮል ብቻ ጠርጉ።

አሁን ዘይት። ቀጭን፣ ሰው ሠራሽ፣ ፕላስቲክ እንደማይጎዳ የተጻፈበት ይሁን። የምግብ ዘይት፣ የመኪና ሞተር ዘይት፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት እያሉ የሚመክሩ አሉ። የመጀመሪያው ራሱ ሙጫ ይሆናል። ሁለተኛው ለዚህ ሥራ ወፍራም ነው። ሦስተኛው ለብረት ዘንግ ክፉ ባይሆንም ፕላስቲክ ማርሽ ካለ እኔ አላምነውም። ከጠርሙሱ በቀጥታ አላንጠባጥብም። ቀጭን መርፌ ወይም ስስ ሽቦ ዘይቱ ውስጥ ነክሬ ጫፉ ላይ የቀረውን ነው የማስነካው።

የሚነካው የት ነው? የሞተሩ ዘንግ ሁለቱ ጫፎች፣ ማርሾቹ የሚዞሩባቸው አጫጭር ዘንጎች፣ የጎማዎቹ ዘንግ አካሉ ውስጥ የሚያልፍበት ኩሽኔታ፣ የመንጃ ዘንጎቹ መጋጠሚያ። ካርቦኖቹ በኩል ያለው የሞተር ጫፍ ላይ እጅግ ቆጥቡ፤ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነው ሁሉ ማረፊያው ኮሙቴተሩ ነው። በአንዳንድ ሞተሮች ኩሽኔታው አጠገብ ዘይት ይዞ በዝግታ የሚሰጥ ትንሽ ፌልት (የተጠቀጠቀ የሱፍ ጨርቅ) አለ። እሱ ትንሽ ቢጠጣ አይጠላም። የጥርሶቹ ፋንታ ግራሶ ነው፣ እሱም ስስ ልባስ። ጠምዛዛው ማርሽ ከሌሎቹ ይበልጥ ግራሶ ይፈልጋል፤ ጥርስ በጥርስ ላይ እየተፋተገ ስለሚሄድ።

ኮሙቴተር፣ ካርቦን፣ ሐዲድ የሚነካው የጎማ ገጽ፣ የላስቲክ ቀለበት፣ ተንሸራታች ብረት፣ የሪሌ መገናኛ፣ እነዚህን ዘይት አይንካቸው። ቀብታችሁ ስትጨርሱ ዘይቱ ኳስ ሠርቶ ከታያችሁ በዝቷል፤ በጥጥ ቀንሱት።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ወዲያው ሐዲድ ላይ አትልቀቁት። እኔ በስፖንጅ ላይ በጀርባው አስተኝቼ በሁለት ሽቦ ኤሌክትሪክ እሰጠዋለሁ፤ አንዱን ተንሸራታቹ ብረት ላይ፣ ሌላውን አካሉ ላይ። በዝቅተኛ ኃይል ይጀምር። አዲስ ካርቦን ካለው መጀመሪያ ያንጓጓል፤ ካርቦኑ የኮሙቴተሩን ቅርጽ እስኪይዝ ነው። ትንንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ጤና ነው። ኮሙቴተሩን የሚዞር ቢጫ የእሳት ቀለበት ካያችሁ ግን አጥፉ፤ ወይ ክፍተቶቹ ውስጥ የቀረ ነገር አለ ወይ ዘይት ደርሷል። ትንሽ ለብ ማለቱ ያለ ነው፤ በጣት መያዝ ካቃታችሁ አቁሙ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም በደንብ ይሂድ። ሲሽከረከር የተረፈው ዘይት ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጥረጉትና ያኔ ሐዲድ ላይ አውጡት፣ መጀመሪያ ያለ ፉርጎ።

የእኔው ሐዲድ ላይ ሲወጣ ሞተሩ ደህና ሆኖ አንዴ እየቆመ አንዴ ይሄድ ነበር። ጥፋቱ የሐዲዱ ነበር። መሐል ላይ ያሉት መገናኛ ነጥቦች ጠቁረዋል። ሐዲዱን በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጠርጌ ጨርቁ ሲጠቁር አይቼ አላመንኩም። ንጹሕ ሎኮሞቲቭ ቆሻሻ ሐዲድ ላይ ከሄደ ጎማውና ተንሸራታቹ ወዲያው ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ ስለዚህ ሁለቱን አብራችሁ ሥሩ።

ቀጣዩን ቅባት የሚወስነው የሄደበት ሰዓት ነው። ሲጮህ፣ ሲከብደው ወይም ከወትሮው በላይ ሲግል እዩት። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ አልፎ አልፎ አውጥታችሁ ትንሽ አስኪዱት፤ ዘይት ሳይነቃነቅ ሲቀመጥ ነው የሚጋገረው። ምን ዓይነት ዘይትና ግራሶ እንደተጠቀማችሁ፣ ካርቦን መቼ እንደተቀየረ በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ሣጥኑ ውስጥ ክተቱ። ሎኮሞቲቩን ስፖንጅ ወይም ፕላስቲክ ላይ ግን አታሳድሩት፤ ሁለቱም ሲያረጁ ቀለሙ ላይ ይጣበቃሉ። አሲድ በሌለው ስስ ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ በጎማው አቁማችሁ፣ እርጥበት በሌለበት አኑሩት።